የሚመለስ ማቋረጥ

«አቋረጠ» የሚለው ግሳችን ብዙ ሸክም ተሸክሟል። ኦሞን ተሻግሮ ዳውሮ የገባ ሰው ወንዙን አቋረጠ ይባላል። በጨዋታ መካከል ገብቶ የሌላውን ቃል ከአፉ የነጠቀም ወሬ አቋረጠ ይባላል። ከክፍሉ ወጥቶ በዚያው የቀረ ተማሪም እንዲሁ ትምህርቱን አቋረጠ ይባላል። ልብ ብላችሁ ከሆነ በሦስቱም ውስጥ ስለ መመለስ የተነገረ ነገር የለም። የተሻገረው ይመለስ አይመለስ፣ የተሰበረው ወግ ይቀጠል አይቀጠል፣ ተማሪው ደብተሩን ዳግመኛ ያንሣ አያንሣ፣ ግሱ ዝም ይላል።

ኮምፒውተር የሠሩ ሰዎች ለዚህ ነገር «ኢንተራፕት» የሚሉት ቃል አላቸው። የእነርሱ ማቋረጥ መመለስን በውስጡ ይዟል። ካልተመለሰ ኢንተራፕት መሆኑ ይቀርና ብልሽት ይባላል። ይህን የተማርኩት ባለፈው የመስቀል ሰሞን ከታናሽ ወንድሜ ነው።

እኔ ሙዱላ ውስጥ በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ላይ ተቀምጬ ገንዘብ የምቆጥር ሰው ነኝ። የተመረቅሁት በአካውንቲንግ ነው፤ ማታ ማታ ግጥም እጽፋለሁ። ወንድሜ ሆሳዕና ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል፤ የመጨረሻ ዓመቱ ነው። ለመመረቂያው የመረጠው ሥራ ለሃርድዌር ታይመር ድራይቨር መጻፍ ነው። አባታችን «ድራይቨር እየጻፍኩ ነው» ሲለው መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ የተቃረበ መስሎት እጅግ ደስ ብሎት ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ ሐሳቡን የቀየረ አይመስለኝም።

ከመስቀል በፊት ያለውን ሳምንት በእኛ አካባቢ ባንክ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ከደቡብ አፍሪካ ገንዘብ ይመጣል። ከጆሃንስበርግ፣ ከደርባን፣ ስሙን ሰምቼው ከማላውቀው ትንሽ ከተማ። እናቶች የምስጢር ቁጥሩን በወረቀት ጠቅልለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ። ሲፈቱት ጊዜ ይወስዳል፤ ሰልፉ ይረዝማል። በዚያ ሰልፍ መካከል ነው ወንድሜ በጎን መጥቶ በመስኮቱ ጠርዝ ያጎነበሰው።

«ጋሼ፣ ትምህርቱን ላቋርጥ ነው። ደላላው ደውሎልኛል። ብር ታበድረኛለህ?»

«ሰምቻለሁ። ማታ ቤት እንነጋገር» አልኩትና ወደ ፊቴ ወዳሉት እናት ዞርኩ። እጄ ላይ ገንዘባቸው ነበር፤ እስከ ስንት እንደ ደረስኩ ላለመርሳት አውራ ጣቴን በኖቶቹ መካከል ሰክቼው ነበርና ከዚያው ቀጠልኩ።

የጠቀሰው ገንዘብ የሁለት ዓመት ደመወዜን ያክላል። መንገዱን ደግሞ የሀድያና የከምባታ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ አንድ ከማላዊ የመጣ የጭነት መኪና ተፈትሾ፣ በኮንቴነሩ ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። በሕይወት የወጡት 14 ነበሩ። እንዲህም ሆኖ መንገዱ አልተቋረጠም። (ግሱ ደግሞ እዚህ መጣ።) በመስኮቴ የሚያልፈው ገንዘብ ከዚያ መንገድ ማዶ የሚመጣ ነው፤ ጣሪያ ያለብሳል፣ ልጅ ያስተምራል፣ እኔንም በሥራዬ ላይ ያቆየኛል። ስለዚህ መንገዱን ከላይ ሆኜ ለመኮነን አፌ አይታዘዝልኝም።

ማታ ቤት ስገባ ወንድሜን ያገኘሁት ከኤቲኤም ካርድ በማትበልጥ ሰሌዳ ላይ አጎንብሶ ነው። ራዝቤሪ ፓይ ትባላለች፤ ሙሉ ኮምፒውተር ናት። የእርሱ ሥራ በእርሷ አማካይነት የመብራቱን መምጣትና መሄድ በሺኛ ሰከንድ ልክ መመዝገብ ነበር። መብራት መሄዱንማ የሙዱላ ሰው ያለ መሣሪያም ያውቃል፤ እርሱ የሚፈልገው ከመሄዱ በፊት እንዴት እንደሚንገዳገድና ሲመለስ እንዴት እንደሚረግጥ ማወቅ ነው። ለዚህም ማሽኑ በየሺኛው ሰከንድ ሥራውን ትቶ የኤሌክትሪኩን ኃይል መለካት አለበት። ችግሩ፣ ድራይቨሩን በጫነ ቁጥር ኮምፒውተሯ ድርቅ ትላለች። አትሞቅም፣ አትጮኽም፣ ብቻ መልስ የላትም። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆና ከርማለች። ደላላው የደወለው በዚህ ሦስተኛ ሳምንት ላይ ነው።

ብድሩን ወዲያው አላነሣሁበትም። «እስቲ ይሄ ምን እንደሆነ አስረዳኝ» አልኩት። አስረዳኝ፤ ደግሞም በማስረዳት የተካነ ነው። እንደ ገባኝ አድርጌ ልንገራችሁ።

ፕሮሰሰር የሚባለው አንጎል ጊዜን አያውቅም። የታዘዘውን ትእዛዝ ተራ በተራ ይፈጽማል፤ ከመፈጸም በቀር ሌላ ሕይወት የለውም። አንድ ሥራ ቢሰጡትና ሥራው ማብቂያ ባይኖረው፣ ዓለም እስክታልፍ በዚያው ይቀጥላል። ጊዜ ማለፉን የሚያውቀው ከውጭ አንድ ነገር ሲያንኳኳበት ብቻ ነው። አንኳኪው ታይመር ይባላል፤ ከበስተኋላው የኳርትዝ ድንጋይ ትርታ አለ። በ1981 እ.ኤ.አ. በወጣው የአይቢኤም ኮምፒውተር ውስጥ ታይመሩ በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ ገደማ ይቆጥር ነበር፤ 65,536 በሞላለት ቁጥር አንዴ ያንኳኳል። ይህ በሰከንድ 18 ጊዜ ከትንሽ መሆኑ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑክስ በእነዚያው ኮምፒውተሮች ላይ በሰከንድ 100 ጊዜ እንዲንኳኳ አደረገው። በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው 2.6 እትም 1,000 ደረሰ። ያ በዛ ተብሎ ከሁለት ዓመት በኋላ የተለመደው ልክ 250 ሆነ። ከዚያም በ2007 እ.ኤ.አ. ሥራ የፈታን ማሽን በከንቱ መቀስቀስ ባትሪ ማባከን ነው ተባለና፣ ማሽኑ ሲያንቀላፋ ማንኳኳቱ እንዲቆም ተደረገ።

በዚህች ማንኳኳት ላይ ብዙ ነገር ቆሟል። የድሮው ዊንዶውስ 3.1 ፕሮግራሞቹን በጨዋነታቸው አምኖ ነበር የሚያኖራቸው፤ እያንዳንዱ ተራውን ለሌላው በፈቃዱ ካልለቀቀ ሁሉም ይቆማል። የዕድር ስብሰባ ላይ አንድ አንጋፋ ሰው ተነሥተው «አንድ ነገር ልበልና ልቀመጥ» ካሉ በኋላ የሚሆነውን የምታውቁ ይህ ይገባችኋል። ማንም ደፍሮ «ይብቃዎት» አይላቸውም። በታይመር የሚመራ ማሽን ውስጥ ግን ከርነሉ፣ ማለትም የሁሉ የበላይ የሆነው የውስጠኛው ፕሮግራም፣ ጊዜው ሲደርስ ተናጋሪውን አስቀምጦ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ጊዜ በልመና አይገኝም፤ ይወሰዳል።

አሁን እኔን ወደ ማረከኝ ነገር እንምጣ። ታይመሩ ሲያንኳኳ ፕሮሰሰሩ በእጁ የያዛትን አንዲት ትእዛዝ ይጨርሳል። ከዚያ የት እንደ ደረሰ አድራሻውን ይጽፋል። በሬጅስተሮቹ፣ ማለትም በውስጥ መዝገቦቹ፣ የነበሩት ቁጥሮችም አንድ በአንድ ይቀመጣሉ። ከዚህ በኋላ ነው ወደ አንኳኪው የሚሄደው። ጉዳዩን ፈጽሞ ሲመለስ ሁሉም ነገር እንደ ነበረ ቦታው ይገባል፤ የተቋረጠው ሥራ መቋረጡን እንኳ አያውቅም። ከእርሱ አንጻር ምንም አልሆነም።

እኔም ይህን አደርጋለሁ። በምሳ ሰዓት በተሰረዘ የገንዘብ ማስገቢያ ወረቀት ጀርባ ላይ ግጥም ስሞክር ደንበኛ ከመጣብኝ፣ ስንኙን ትቼ ቤት የሚመታውን የመጨረሻ ቃል ብቻ በመስመሩ ጫፍ እጽፋለሁ። የወል ቤት ከሆነ ስድስት ቀለም አልፎ የሚተነፈስባትን ቦታ በጭረት አስቀምጣለሁ። ደንበኛውን ሸኝቼ ስመለስ ጭረቷና ቃሏ የነበርኩበትን ይነግሩኛል። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል። ወንድሜ ይህን ስነግረው ሳቀና «ጋሼ፣ አንተማ ስታክ አለህ» አለኝ። ስታክ የሚሉት እነዚያ አድራሻዎች የሚደረደሩበትን ክምር ነው።

የሚያቋርጠው ወገን ደግሞ ግዴታዎች አሉበት። ማንኳኳቱን ተቀብሎ የሚያስተናግደው የድራይቨሩ ክፍል ሃንድለር ይባላል። ሕጉ ጥብቅ ነው። አጭር መሆን አለበት። መተኛት አይፈቀድለትም፤ የሚያስጠብቅ ቁልፍ መያዝም አይፈቀድለትም፤ እርሱ በቆየ ቁጥር ሌላው ሁሉ ታግዶ ይቆያልና። ረጅም ሥራ ካለው የግድ የሆነውን ብቻ አድርጎ የቀረውን ለኋላ ቀጠሮ ይይዝለታል፤ ከርነሉ ፋታ ሲያገኝ ይፈጽመዋል። የላይኛው ግማሽና የታችኛው ግማሽ ይሏቸዋል። ወንድሜ ይህን ሲናገር ሁለታችንም ለአፍታ ዝም አልን። ቀን በመስኮቱ ላይ «ሰምቻለሁ፤ ማታ» ያልኩት ትዝ ሳይለን አልቀረም። ታችኛው ግማሽ ገና አልተጀመረም ነበር።

የእርሱ ስሕተት የት እንደነበረ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ገንዘብ ስቆጥር፣ ራሱ አግኝቶታል። በዚያች ሰሌዳ ላይ ያለው ታይመር በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ይቆጥራል። አራት የቀጠሮ መዝገቦች አሉት፤ ሁለቱን የሥዕል ፕሮሰሰሩ ይዟቸዋል፣ አንዱን ሊኑክስ ራሱ ይጠቀምበታል፣ ለወንድሜ የቀረችው አንዲት ናት። ቁጥሩ ከቀጠሮው ሲገጥም አንዲት ምልክት ትቆማለች፤ ያች ምልክት ቆማ እስካለች ድረስ ማንኳኳቱ አያቆምም። ሃንድለሩ ምልክቷን ማውረድ አለበት። የሚያስገርመው፣ የምትወርደው ዜሮ ሲጻፍባት ሳይሆን አንድ ሲጻፍባት ነው። ለእኔ አልገረመኝም፤ ቼክም ተከፍሎ ማለቁ የሚታወቀው ማኅተም ሲመታበት እንጂ ጽሑፉ ሲፋቅ አይደለም። ወንድሜ ግን ዜሮ ነበር የጻፈው። ምልክቷ አልወረደችም። ሃንድለሩ ሠርቶ ሲመለስ ማንኳኳቱ እንደገና ይጠብቀዋል፤ ደግሞ ይመለሳል፣ ደግሞ ይንኳኳል። ኮምፒውተሯ የደረቀችው ሥራ ፈትታ ሳይሆን፣ ያንኑ አንድ በር ያለ ዕረፍት ስትከፍትና ስትዘጋ ነው።

ሊኑክስ ለእንዲህ ያለው ነገር ጠባቂ አለው። ከ100,000 ማንኳኳት 99,900ው «የኔ አይደለም» ተብሎ ከታለፈ፣ መስመሩን ይዘጋና በመዝገቡ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ወደ አማርኛ ብመልሰው «ማንም ግድ አልሰጠውም» ይሆናል። ይህን ስሰማ እውነቴን ነው የምላችሁ ደብተሬን አወጣሁ። ለማሽን የተጻፈ እንዲህ ያለ ሐዘን አላየሁም። የወንድሜን ስሕተት ግን ይህ ጠባቂ አልያዘውም። ሃንድለሩ በእያንዳንዱ ዙር «ጉዳዩን ፈጽሜያለሁ» እያለ ይመልስ ነበርና ከርነሉ አመነው። ሦስት ሳምንት ያለቀው በዚህ ነው፤ በአንድና በዜሮ ልዩነት።

ታይመር ትንሽ ነገር ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ካለ የአውሮፕላኑን ታሪክ ልንገረው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ቦይንግ 787 ድሪምላይነርን ሲረከብ ሁላችንም ኮርተናል። በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ስለዚሁ አውሮፕላን ዓይነት አንድ መመሪያ አወጣ። የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹን የሚቆጣጠሩት ኮምፒውተሮች ሳይጠፉ 248 ቀን ከቆዩ፣ በውስጣቸው ያለው ቆጣሪ ሞልቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማመንጫዎቹን ሊያጠፉ ይችላሉ። የተገኘው በቤተ ሙከራ ነበር፤ መድኃኒቱም፣ ፕሮግራሙ እስኪታረም ድረስ፣ በየጊዜው አጥፍቶ ማብራት። ቁጥሩ የሰከንድ መቶኛ እየቆጠሩ 2,147,483,647 ሲያልፉ የሚደረስበትን ቀን ይመስላል፤ በማስያ ሞክሩት፣ 248 ቀን ተኩል ይሰጣችኋል።

ያው ቁጥር ሌላ ቀጠሮም ይዞልናል። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ በሰከንድ ነው። ይህን በጠባቡ መዝገብ የሚይዙ አሮጌ ማሽኖች ቁጥራቸው የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጥምቀት ነው። ታቦታቱ ባሕረ ጥምቀት ባደሩበት ማለዳ እነዚያ ማሽኖች ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወድቃሉ። ወንድሜ ይህን አላሰላውም ነበር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ጥር 19 ቀን 2038 መሆኑን ብቻ ነበር የሚያውቀው። ቀኑን የመለስኩለት እኔ ነኝ፤ በዚያች ሌሊት ካደረግሁት ሁሉ ያኮራኝም ይኸው ነው።

ከዚያ ብድሩን አነሣሁ።

«ለመንገዱ አላበድርህም» አልኩት። «ለዚህ ሴሚስተር የሚያስፈልግህን ሁሉ ግን እሰጥሃለሁ።»

«ከዚያስ ጋሼ? ተመርቀው ቤታቸው የተቀመጡትን ቁጠርልኝ። በመስኮትህ ብር የሚወስዱትን እናቶችም ቁጠርልኝ። የማን ልጅ ነው የላከው? የተመረቀው ወይስ የሄደው?»

ይህን ጥያቄ የሚመልስ ቁጥር በእጄ አልነበረኝም። የማውቀውን ነገርኩት፤ ገንዘቡ መምጣቱን አቁሞ አሁንም በየወሩ ወረቀታቸውን ይዘው የሚመጡ እናት እንዳሉ፣ እኔም «እስካሁን የለም» ማለትን እንደ ተለማመድኩት። ሰሌዳዋን እያገላበጠ ሰማኝ።

«እዚያ መንገድ ላይ ስታክ የለም» አለ በመጨረሻ። «እሱን አውቃለሁ።»

ከዚያ በላይ አልተናገርንም። እንደማይሄድ አልማለልኝም፤ እኔም አላስማልኩትም። የደላላው ቁጥር በስልኩ እንዳለ ነው። ከመስቀል ማግሥት ሆሳዕና ሲመለስ ግን ሰሌዳዋን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ፤ መመዝገብ ያለበት የሙዱላ መብራት ነውና። ከአሮጌው ላፕቶፔ ጋር አገናኘልኝ፣ የሚደግፋትን ባትሪም አሳየኝ። አንድ ድክመት አላት፤ እንደ ግድግዳ ሰዓት ለብቻው የሚቆጥር ነገር በውስጧ የለም። ባትሪው ካለቀባትና ከጠፋች፣ ስትነሣ የሞተችበትን ሰዓት አሁን ነው ብላ ትነሣለች። ያን ጊዜ ከስልኬ እያየሁ ትክክለኛውን ሰዓት እንድነግራት አዝዞኛል።

ማታ ማታ ይደውላል። ከሚኖርበት ክፍል ሁለት ልጆች በጥቅምት ሄደዋል፤ አንዱ ናይሮቢ ደርሷል፣ የሌላው ወሬ የለም። ይህን ነግሮኝ ወዲያው ስለ መብራቱ ይጠይቀኛል።

«ትናንት ማታ 1 ሰዓት ከ40 ላይ ሄደ፤ 3 ሰዓት ከ5 ላይ ተመለሰ» አልኩት ትናንት።

«ሲመለስ ያዘችው?»

«ይዛዋለች።»

«ስንት ሺኛ ሰከንድ ተንገዳገደ ይላል?»

ከመስመሩ ጫፍ ያለውን ቁጥር አነበብኩለት። ሲጽፍ የብዕሩ ድምፅ ይሰማኛል። «ከእርሱ በላይ ያለውንስ?» አለ። እርሱንም አነበብኩለት።